ስለ ተለጠፈው የጥርስ ሥዕል

ባለፈው ወር በጽዳት ሳምንት በየመኝታ ቤታችን በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አንባቢዎቻችን ሁሉ አይተውታል። በአንድ ወገን ነጭ ጥርስ፥ በሌላው ወገን ቡናማ ጥርስ፤ ከበታቹም «አንተ የትኛው ነህ?» የሚል ጽሑፍ። እኛም አይተን ስቀናል። ይህን የምንጽፈውም ስለሳቅን ነው።

እኛ ሮቤና ጎባ ያደግን የደጋ ልጆች ነን። ከወንጂ፥ ከመተሐራና ከዝዋይ አካባቢ የመጡ ጓደኞቻችን በምግብ አዳራሽ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ለምን እንደሚስቁ ሳንጠይቅ፥ ጥርሳቸውን አያጸዱም ብለን ፈረድንባቸው። ጠዋት ጠዋት መፋቂያ ከአፋቸው የማይለየው እነርሱ መሆናቸውን እንኳ ልብ አላልንም።

ነገሩ ሌላ ኖሯል። የአርትስ ተማሪዎች ብንሆንም የባዮሎጂ ክፍል ወንድሞቻችንን ጠይቀን የተረዳነውን እንናገር። ኢናሜል የሚባለውን የጥርስ ጠንካራ ሽፋን የሚሠሩት ሴሎች አስቀድመው አሜሎጀኒን፥ አሜሎብላስቲንና ኢናሜሊን የተባሉ ፕሮቲኖችን ያወጣሉ። እነዚህ ግንበኛ እንደሚያቆመው መወጣጫ እንጨት ናቸው፤ ማዕድኑ ቅርጹን ይዞ ሲያድግ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ቆራርጠው ያስወግዱታል። ያለቀለት ኢናሜል ከክብደቱ 96 ከመቶ ያህሉ ማዕድን የሆነውም ስለዚህ ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጣ የሚያድግ ሕፃን ግን ፕሮቲኑ በጊዜው አይወገድለትም፤ ሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይቀራል፥ ጥርሱ ከበቀለ በኋላም ቀለም ይገባበታል። ሠሪዎቹ ሴሎች ጥርሱ ሲበቅል ስለሚጠፉ፥ ከዚያ ወዲያ ብሩሽም ሆነ መፋቂያ አይመልሰውም።

በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይዱ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሟሟ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል። ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ስለዚሁ የሸለቆው በሽታ በ1987 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል፤ ታዲያ ይህን ያህል ዘመን የታወቀ ነገር እንዴት የእኛ በር ላይ መሳለቂያ ሆነ? እኛ ከባሌ ተራራ የሚወርድ ምንጭ ጠጥተን ማደጋችን ዕድል እንጂ ጨዋነት አይደለም።

ሥዕሉን ያዘጋጀው ክበብ ክፋት ያሰበ አይመስለንም። ቢሆንም እስከ ዓርብ ድረስ ከየበሩ ያንሣልን። በቦታው የሚለጠፍ ነገር ከፈለገ፥ የወንጂና የመተሐራ ጓደኞቻችን ስለ ውሃቸው ይጻፉ፤ ወረቀቱን እኛ እናባዛለን።