ያያል ወይስ አያይም?

በራያ ሜዳ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ሠርቼ ላበርር እፈልጋለሁ የሚለኝ ወጣት ሲገጥመኝ፣ ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ከማውራቴ በፊት ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። አብዛኞቹ ይስቃሉ። ሪሞት ይዞ የሚጫወት ልጅ ከሽማግሌ ጋር ምን አገናኘው? ይህን የሚሉት ራያ ውስጥ ያለችውን የዋጃን ሜዳ እንጂ ሰማይዋን ያላሰቡ ናቸው።

ሜዳውስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከቆቦ ተነሥቶ በዋጃ በኩል ወደ አላማጣ የሚዘልቀው ለጥ ያለ ቆላ፣ በምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ይዘውታል። መሐሉ ላይ ማሽላና ጤፍ ነው፤ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ ዓይን እስከቻለ ድረስ ባዶ ማሳ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የሞዴል አውሮፕላን ወዳጆች እንዲህ ያለ ቦታ ቢያገኙ ከመኪናቸው ሳይወርዱ እልል ይላሉ።

ሰማዩ ግን ሌላ ታሪክ አለው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሸነፈው ሠራዊት ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው የአሸንጌ ሐይቅ ዳር የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዝንበውበታል። በደርግ ዘመን ሚግ የጦር አውሮፕላን መጣ። በቅርቡ ጦርነት ደግሞ ድሮን የሚለውን ቃል ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ሳይቀር አወቀው። እዚህ አገር የሞተር ድምፅ ከላይ ሲሰማ ሰው ለማድነቅ ቀና አይልም፤ ልጆቹ የት እንዳሉ ነው የሚያስበው። በዚያ ላይ የራያ ገበሬ መሣሪያ አለው። ያልተነገረው ሰው፣ ማሳው ላይ የሚያንዣብብ ነገር ሲያይ ክላሹን ቢያነሣ ጥፋቱ የእሱ ነው ብዬ አልፈርድም።

ባለፈው በጋ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ወጣት ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም የሠራትን አውሮፕላን ይዞ ወደ ማሳ ሲወጣ አብሬው ነበርኩ። መንገዱ ዳር በትራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ አዛውንት አስቆሙት።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ያያል ወይስ አያይም?»

«አያይም አባባ። ካሜራ የለውም።»

«ይጥላልስ?»

«ምንም አይጥልም። ራሱ ይወድቃል እንጂ።»

አዛውንቱ ሳቁና መንገዱን ለቀቁለት። አውሮፕላኗም እንደተባለው ወደቀች፤ በሁለተኛው ዙር ተነሣችና ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረች።

እኒህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ መመሪያ ሊይዘው የሚገባውን ፍሬ ነገር ይዘዋል። በአገራችን ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ፈቃድ ድሮን ማስገባት እንደማይቻል፣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ዕቃው የተያዘበት ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚያይና የሚጭን ነገር የጸጥታ ጉዳይ ነው። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው፣ የማያየውና የማይጭነው፣ ከአብራሪው ዓይን ከራቀ የሚወድቀው የፎም አውሮፕላን ከዚያ ጋር በአንድ ስም መጠራቱን ነው። አብዛኛው ድሮን ጂፒኤስ አለው፤ እጅህን ብታነሣለት አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቤቱንም ያውቃል። ሞዴል አውሮፕላን ቤቱን አያውቅም። ወደ ፊት ካልሄደ ክንፉ አይሸከመውም፤ ያበረረው ሰው እያንዳንዷን ሰከንድ ካልመራው መሬት ላይ ነው። ለስለላ ከዚህ የባሰ መሣሪያ፣ ለፊዚክስ ትምህርት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ፊዚክሱን ዋጃ ላይ ማየት ይቻላል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር ይሆናል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 12 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት፤ በዚያው ላይ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስስ በመሆኑ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከውጭ የመጣ ንድፍ እንዳለ ቀድቶ የሠራ ልጅ «ሞተሩ ደካማ ነው» ብሎ የሚያማርረው ለዚህ ነው። ሞተሩ ደህና ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚህ አየር ከብዷል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክብደት መቀነስና ክንፍ ማስፋት ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከላይ የተቀመጠና ጫፎቹ ትንሽ ወደ ላይ የተቀለበሱ ክንፍ ለጀማሪ ይበቃል፤ ጠቅላላ ክብደቱ ከ800 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ሚዛኑን ለማወቅ ሁለት ጣት ከክንፉ ሥር፣ ከፊተኛው ጠርዝ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ማድረግና ማንሣት ነው። አፍንጫው ጥቂት ዘንበል ካለ ደግ ነው። ጭራው ከወረደ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉት፤ ሚዛኑ ሳይስተካከል ለመወርወር አትቸኩሉ።

ፎሙ ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ካርቶን ውስጥ ይገኛል፤ ክንፉን የሚያጠነክረው ቀርከሃ ነው፤ ማሰሪያው ስኮች ነው። ሱፐር ግሉ ግን አይነካው፤ ፎሙን ይበላዋል። ለጀማሪ የሚከብደው ሞተሩን፣ የሞተሩን ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ሰርቮዎቹንና ሪሞቱን ማግኘት ነው፤ እነሱ ከውጭ ይመጣሉ። ከውጭ የሚመለስ ዘመድ ያለው ባትሪውን በእጅ ሻንጣ እንዲይዝለት ይንገረው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ስለ ባትሪው ትንሽ ልቆይበት፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቤት ሊያቃጥል የሚችለው እሱ ነውና። ባለ ሦስት ሴል የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ ከተገፋ ያብጣል፣ ካበጠም ሊቀጣጠል ይችላል። ከ3 ቮልት በታች የወረደ ሴል ዋጋ የለውም፤ እንደገና ልሙላው ማለትም አደጋ ነው። ሳይሠራበት የሚቀመጥ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ይሁን። ለዚህ የተሠራ፣ ሴሎቹን የሚያመጣጥን ቻርጀር ያስፈልጋል፤ የሞባይል ቻርጀር ገጣጥሞ መሞከር የለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል ልማድ ይሁን። ባትሪው እየተሞላ ሰው መተኛትም ወደ ገበያ መሄድም የለበትም። ውጭ አገር ለዚህ እሳት የማይበላው ከረጢት ይሸጣሉ፤ እኛ ግን ሸክላ ድስት አለን። ከሥሩ አሸዋ አድርጎ፣ ከጭድና ከክምር አርቆ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ነው። ክዳኑን ግጥም አድርጎ መዝጋት ግን አይገባም፤ ባትሪው ቢተነፍስ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ደግሞ ግንቦት ላይ የዋጃ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር ያለውን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባትሪ እዚያ አይውልም።

ፕሮፔለሩም ቀላል ነገር አይደለም። በደቂቃ ሰባት ስምንት ሺህ ዙር የሚዞር ፕላስቲክ ጣት ይቆርጣል። ባትሪው ከተሰካበት ደቂቃ ጀምሮ ሞተሩ ቆሞም ቢሆን እንደሚዞር ይቆጠር። መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ የፍጥነት ማንሻው እታች ይሆናል፣ ከዚያ ባትሪው ይሰካል። ሲያበቃ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፣ ሪሞቱ በመጨረሻ ይጠፋል። ጥድፊያ ይህን ቅደም ተከተል ያስረሳል፤ የሚያጣድፈው ደግሞ ሰው ነው። ልጆች ይከባሉ፣ «አስነሣው! አስነሣው!» ይላሉ። እኔ እንዳየሁት አደጋው ይበልጥ የሚያሰጋው አየር ላይ ሳይሆን ሲያርፍ ነው፤ አውሮፕላኑ መሬት ሳይነካ ሃምሳ ሕፃን ወደሱ ይሮጣል። ስለዚህ ገመድ ይዘርጋ፣ ሕዝቡ ሁሉ ከአብራሪው ጀርባ ይቁም፣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ሥራው ልጆቹን መጠበቅ ብቻ ይሁን።

የማብረሪያው ሰዓት ማለዳ ነው። ፀሐይ ሜዳውን ካጋለችው በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ አቧራው እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ 800 ግራም ፎም ምንም አይደለም። ከአዲስ አበባ መቀሌ ከሚወስደው አስፋልት መራቅ ያስፈልጋል፤ ሲኖ ትራክ የሚነዳ ሰው መስታወቱ ላይ ፎም ቢወድቅበት መሪውን ወዴት እንደሚያዞር ማን ያውቃል? ከመብራት ሽቦም፣ ከግመልም መራቅ ነው። ግመል ከደነበረ ከባለቤቱ ጋር የሚደረገው ሽምግልና ከአውሮፕላኑ ዋጋ ይበልጣል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ጨዋታ ለባለሥልጣን ለማስወደድ ሲሉ «አንበጣ ያባርራል፣ ግሪሳ ይከላከላል» ይላሉ። እኔ ይህን አልልም። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ ራያን ሲወርር፣ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላ ዓይናችን እያየ ሲበላ፣ ሕዝቡ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ወጥቶ ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አንበጣ ሊሰፍር ይችላል። አሥር ደቂቃ የሚበር ፎም ከዚያ ፊት ምን ያደርጋል? ግሪሳውም ቢሆን መጀመሪያ ቀን ይደነግጥ ይሆናል፤ ውሎ አድሮ ይለምደዋል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የቆመውን ልጅ የሚተካው የለም። ላልሆነ ጥቅም የተለመነ ፈቃድ፣ ጥቅሙ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ጨዋታው የሚበቃ ጥቅም ግን አለው፤ ትልቁን የሚመኝ ሰው በትንሹ እንዲሳሳት ያስችለዋል። የራይት ወንድማማቾች ሞተር ከመግጠማቸው በፊት ካይት አበረሩ፣ ሞተር አልባ ክንፍ ሞከሩ፣ ትንንሽ ክንፎችን በነፋስ ሣጥን ውስጥ ለኩ። እኛ አገር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የአውሮፕላን ፍቅርስ አልጎደለንም፤ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን እጅ የተሠራችው «ፀሐይ» ጣሊያን ሙዚየም ውስጥ ዘመኗን ፈጅታ ጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበላት አይተናል። አስመላሽ ዘፈሩ ደግሞ በአንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ምክንያት የአብራሪነት ትምህርት ተነፍጎ፣ በ570 ቀን ከእንጨትና ከቮልስዋገን ሞተር የራሱን አውሮፕላን ሠራ፤ በእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደልና በቀኖቹ ቁጥር ኬ-570ኤ አላት። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሊያስነሣት ሲሞክር የፕሮፔለሩ ማሰሪያ ተበላሸበት። ጽናቱን ማንም አይክድም። እኔን የሚያሳስበኝ ከሱ በኋላ በየገጠሩ ሰው የሚጭን አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ጋራዥ ውስጥ የሚበይዱት ልጆች ናቸው። ቴሌቪዥን መጥቶ ያጨበጭብላቸዋል፤ መሐንዲስ መጥቶ ክንፋችሁ አይሸከምም የሚላቸው ግን የለም። ለፎሟ አውሮፕላን ግን የሚያጨበጭብላትም የሚሳሳላትም የለም፤ ሚዛኗ ከተሳሳተ በሦስት ሰከንድ ትነግርሃለች፣ የምታስከፍልህም ስኮች ነው። ትንሹን አስቸጋሪ አድርገን ትልቁን በጭብጨባ ስንተው ደኅንነትን ጠበቅን ማለት አንችልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። ካሜራም ጂፒኤስም ለሌለው፣ ከ1 ኪሎ ለማይበልጥ፣ በአንድ በታወቀ ሜዳ፣ በታወቀ ሰዓት፣ በአንድ መምህር ኃላፊነት ለሚበር የትምህርት ቤት አውሮፕላን ወረዳው ሊፈርመው የሚችል የአንድ ገጽ ፈቃድ ይዘጋጅ፤ ኢንሳና ሲቪል አቪዬሽን ደግሞ የወረቀቱን ይዘት አንድ ጊዜ አይተው ያጽድቁት። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ልኮ ባትሪና ፕሮፔለር ማስፈተሽ የሚያቅተው አይመስለኝም። የፈቃዱ ግልባጭ ለቀበሌው፣ ለሚሊሻው፣ አስፋልቱ ላይ ላለው ኬላ ይድረስ። ለመስጊዱና ለቤተ ክርስቲያኑም ይነገር፤ በዓርብና በእሑድ ያልተነገረ ነገር ዋጃ ላይ አልተነገረም።

ማሽላው ኅዳር ላይ መታጨድ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው ክፍት ነው። ወረቀቱን የሚያረቅቅ ሰው ካለ ከአሁኑ ይጀምር፤ ዋጃ ላይ አንድ የፊዚክስ መምህር ፎም መሰብሰብ ጀምሯል።