የልብ ማሚቶና የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ድርሻ

ደሴ ያደገ ልጅ የገደል ማሚቶን ከመምህሩ አስቀድሞ ከጦሳ ተራራ ይማረዋል። ድምፁ ይሄዳል፣ ገደሉን ይመታል፣ ይመለሳል፤ ፍጥነቱንና የመመለሻ ጊዜውን ያወቀ ርቀቱን ያሰላል። በሆስፒታሎቻችን «ኢኮ» የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ምርመራም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በመሆኑም ይህን ምርመራ ለጀማሪዎች ማስተማር ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ሥራ ነው ብዬ አላምንም።

ሲጀመርም የሁለት ሙያዎች ሥራ ነበር። በስዊድን ሉንድ ከተማ የልብ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለር የሚትራል ቫልቭ ጥበትን ደረት ሳይከፈት የሚያይበት መንገድ ሲያስስ የፊዚክስ ባለሙያውን ሄልሙት ሄርትዝን አማከረ። ሄርትዝ ማልሞ በሚገኝ የመርከብ መሥሪያ የብረት ስንጥቅ የሚመረመርበትን መሣሪያ በራሱ ደረት ላይ ሞከረ። ከዚያም ከሲመንስ በተዋሱት ተመሳሳይ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1953 የልብን ማሚቶ መዘገቡ።

ኤድለር ሊያየው የፈለገው በሽታ ዛሬ በስዊድን እምብዛም የለም። በእኛ ዘንድ ግን በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ አሁንም ወጣቶችን ይቀጥፋል። ከሰኞ ገበያ ሸምታ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ የምትቀመጥን ነፍሰ ጡር አስቡ። በእርግዝና የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የጠበበው ቫልቭ አላሳልፍ ሲል ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ድካሟ የእርግዝና ነው ተብላ ብትመለስ ልትሞት ትችላለች።

ጀማሪው የሚቸገረው በቁልፎቹ ይመስለዋል፤ አስቸጋሪው ግን እጁ ነው። የጎድን አጥንትና ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ድምፁን ያግዳሉ፤ ስለዚህ ታማሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ጄል ይቀባል፣ ፕሮቡም በአጥንቶቹ መካከል ቀዳዳ ይፈልጋል። ልምድ የሌለው ሰው ፕሮቡን በአንድ ጊዜ ያንሸራትታል፣ ያዘነብላል፣ ያዞራል፤ ከዚያ ሥዕሉ ለምን እንደጠፋ አያውቅም። በቤተ ሙከራ ሌላውን ሁሉ አጽንቶ አንዱን ተለዋዋጭ ብቻ መቀየር የለመደ ተማሪ ይህን ስሕተት ለማረም ቀን አይፈጅበትም። በሰውነት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1540 ሜትር ይጓዛል፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለመመለስ 195 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ለአንድ ሥዕል 100 መስመሮች ቢያስፈልጉ በሰከንድ ከ50 ሥዕል ብዙም አይታለፍም። ያለ ምክንያት ጥልቀት የሚጨምር ሰው ቫልቩ ሲንቀራፈፍ ቢያይ መሣሪያውን አይውቀስ።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ አንግሉ ነው። በጠበበ የአኦርታ ቫልቭ ደም በሰከንድ 4 ሜትር ቢፈስ የግፊቱ ልዩነት የፍጥነቱ ካሬ በ4 ተባዝቶ 64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ጨረሩ ከፍሰቱ በ60 ዲግሪ ቢያዘነብል ግን ኮሳይኑ ግማሽ ስለሆነ መሣሪያው 2 ሜትር ያነባል፤ ግፊቱም 16 ይሆናል። ከባድ ሕመም «ቀላል» ተብሎ ተጻፈ ማለት ነው።

ለአጭር ጊዜ የሠለጠነ ሰው ያሳስታል የሚሉ ወገኖች ሥጋታቸው እዚህ ላይ እውነት አለው። ሆኖም በፊጂና በኡጋንዳ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች ተማሪዎችን መርምረው አጠራጣሪዎቹን ለይተዋል፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ባለሙያው ነው። እኔም ይህን እደግፋለሁ፤ ጀማሪው ያላገኘውን «ጤናማ» ሳይሆን «አልታየም» ብሎ እስከጻፈ ድረስ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈዋል። መሣሪያ ይተካል፤ የሚያነበው እጅና ዓይን ግን በግዢ አይመጣም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ ሕክምናን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኮምቦልቻ ምሕንድስናን ያስተምራል። ተማሪዎቹ አንድ ፓምፕ፣ የላስቲክ ቱቦ፣ የበቆሎ ስታርች የተበጠበጠበት ውሃና ፕሮትራክተር ቢሰጧቸው ሰው ሠራሽ የደም ሥር መሥራት አያቅታቸውም። ጀማሪው በዶፕለር የለካውን ፍጥነት በባልዲና በሰዓት ከተለካው ጋር ያስተያያል፤ ከዚያም አንግሉን በ10 በ10 ዲግሪ እየጨመረ ስሕተቱ እንዴት እንደሚያድግ በግራፍ ወረቀት ላይ ይነድፋል።