ስለ ቀንድ ልክ የሚፈስ ደም

በአዲስ አበባ ከተማ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት ለብዙ ዘመን የተሰጠው በሳንቲም ነበር። በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸው አሥር ሳንቲም በአንድ ወገኑ የአንበሳ ራስ፥ በሁለተኛው ወገኑ ጠምዛዛ ቀንድ ያለው የደጋ አጋዘን ምስል አለበት። ሰጪውም ተቀባዩም ምስሉን ሳያስተውሉት ሳንቲሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ። ዛሬ ሳንቲሙ ከገበያ እየጠፋ ነው፤ በላዩ የተቀረጸውም እንስሳ ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ ሆኖ፥ የመጥፋት አደጋ ከተቃረባቸው ፍጥረታት ጋራ ተቈጥሯል። ድኃው በመዳፉ ይዞት የነበረውን ይህን አጋዘን ባለጸጋው በግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ከሩቅ አገር ይመጣል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ፍጥረትን ለመብል ሳይሆን፥ ከጥፋቱ ለመዳንም ሳይሆን፥ ስለ ቀንዱ ርዝመት ብቻ መግደል ተገቢ ነውን?

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ሁሉ አይገኝም። በኢትዮጵያም ቢሆን መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ያሉት የባሌ፥ የአርሲና የጨርጨር ደጋዎች ናቸው። የአገሩ ባላገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1908 ሻለቃ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ገድሎ ቀንዱንና ቆዳውን ወደ አገሩ ከወሰደ በኋላ ነው። በ1910 ሪቻርድ ሊደከር የተባለው ሊቅ ስም ሲያወጣለት በአዳኙ ስም ጠራው። የኖረበት ተራራ ሳይሆን፥ ለዘመናት ሲያየው የኖረው እረኛም ሳይሆን፥ የገደለው ሰው ስም በመጽሐፍ ተተከለለት። ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ሁሉ ከዚህ አጀማመር ብዙ አልራቀም።

በለንደን ከተማ ሮላንድ ዋርድ የሚባል፥ የታደኑ አራዊትን ቆዳ እየሞላ ለጌጥ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነበረ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 የትላልቅ አራዊትን የቀንድና የጥርስ ልክ፥ ከባለቤቶቻቸው ስም ጋራ፥ በመዝገብ አድርጎ አሳተመ። መዝገቡ እየታደሰ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በአሜሪካም የአዳኞች ማኅበር ሌላ መዝገብ አበጅቷል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አዳኙ እንስሳውን ይጥላል፤ ለኪው የቀንዱን ጥምዝ ተከትሎ በሜትር ይለካል፤ ቁጥሩ በኢንች ይጻፋል፤ ከዚያም አዳኙ ከማን በልጦ ከማን እንዳነሰ ይታወቃል። በዚህ መዝገብ የደጋ አጋዘን እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ነው፤ ቁጥሩ ጥቂት፥ ተራራውም አድካሚ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህም የውጭ አገር አዳኝ በመንግሥት ፈቃድ ብዙ ዶላር ከፍሎ፥ በአዲስ አበባ ሆቴል አድሮ፥ ወደ ባሌና ወደ አርሲ ይወጣል። የእንስሳው መመናመን ሊያስፈራው ሲገባ ዋጋውን አስወደደለት።

ይህ ክርክር በአደን ሁሉ ላይ ወይም በሥጋ መብላት ላይ የተነሣ አይደለም። ከኖኅ ጀምሮ ለሰው ሥጋ መብላት ተፈቅዶለታል፤ ደሙ ግን የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ታውቆ ነው። ከቂርቆስ ብዙ ሳይርቅ ባለው ቄራ በየቀኑ ከብት ይታረዳል፤ በካዛንቺስ ሥጋ ቤቶችም ሰው ተሰብስቦ ይበላል። ዳሩ ግን ክርስቲያኑ አራጅ ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት በስመ አብ ይላል፤ ይህም ነፍስን የሚወስደው በባለቤቱ ፈቃድ እንጂ በገዛ ሥልጣኑ እንዳልሆነ መመስከሩ ነው። በላተኛውም በሁዳዴ 55 ቀን ከሥጋ ተከልክሎ የቆየ ነውና የደምን ነገር እንደ ቀልድ አያየውም። ባላገርም ሰብሉን የሚያጠፋበትን ዝንጀሮ፥ በጉን የሚነጥቅበትን ነብር ቢከላከል ችግሩ ይታወቅለታል። ሜትር ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ከእነዚህ ከማናቸውም ወገን አይደለም። አልተራበም፤ አልተነጠቀም፤ የሚሻው ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ የቁጥር ውድድር በየብስ ተወስኖ አልቀረም፤ በባሕር ያለው እንዲያውም የነገሩን ጠባይ አብልጦ ይገልጠዋል። ማርሊን የሚባል፥ አፉ እንደ ጦር የሾለ ታላቅ ዓሣ በሞቃት ባሕር ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ ማኅበር የአጠማመዱን ሕግና የክብደቱን መዝገብ ይጠብቃል። በ1953 በፔሩ ባሕር የተያዘው ጥቁር ማርሊን 1,560 ፓውንድ፥ ይኸውም ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ተመዝኖ በመዝገቡ ከፍ ብሎ ይኖራል። በአውስትራሊያ ኬርንስ ከተማ ፊት ለፊት በተዘረጋው ታላቁ የኮራል ድንጋይ ዳርቻም ከ1966 ጀምሮ ከሺህ ፓውንድ በላይ የሚመዝነውን ለመያዝ ከየአገሩ ባለጸጎች ይሰበሰባሉ። ነገር ግን እንደዚህ የሚገዝፉት ጥቁር ማርሊኖች ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ በብዙ ያንሳል። እንግዲህ ትልቁን አሸንፋለሁ የሚለው ሰው የሚሰቅለው እጅግ ብዙ እንቍላል የምትጥለውን እናት ነው።

በ2023 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና በተደረገው ቢግ ሮክ በተባለው ውድድር አንዲት ጀልባ ከ619 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ማርሊን ይዛ መጣች። ዳኞቹ ዓሣውን መርምረው ሻርክ ነክሶት ስላገኙ ከውድድሩ ሰረዙት፤ ጀልባይቱም ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ቀረባት። ዓሣው ያው ዓሣ ነበረ፤ ሥጋውም ያው ሥጋ፥ ሞቱም ያው ሞት። ውድድሩ የሚሻው ምልክት ስለ ተበላሸ ብቻ ከንቱ ሆነ። ውድድሩ ፍጥረቱን ከመለኪያው ለይቶ እንደማያየው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሆኖም እውነቱን ለመናገር፥ ዛሬ ከዓሣ አጥማጆቹ ብዙዎቹ ማርሊኑን ምልክት አድርገው ወደ ባሕር ይመልሱታል፤ ኅሊና በእነርሱ ዘንድ እንኳ ጥቂት ሥራ ሠርቷል። ጥይት የመታውን የደጋ አጋዘን ግን ወደ ተራራው የሚመልሰው የለም።

ኢትዮጵያዊው አንባቢ ይህን ሲሰማ ጥፋቱን በፈረንጅ ላይ ብቻ ጥሎ እንዳያርፍ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም ግዳይ መጣል የክብር በር ነበረ። ዝሆን የገደለ ሰው ጆሮውን ተበስቶ የወርቅ ሎቲ ያደርግ ነበር፤ አንበሳ የገደለ የጎፈሩን ጠጉር በራሱ ይደፋ ነበር፤ በፉከራና በቀረርቶ ይሞገስ፥ ቅቤ በራሱ ይደረግለት ነበር። ዝሆንና አንበሳ ከብዙው የኢትዮጵያ ምድር የጠፉት በመሬት መታረስና በጥርስ ንግድ ብቻ ሳይሆን በዚህም ክብር ፍለጋ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1944 በቁጥር 61 አዋጅ አደንን በሕግ ለመወሰን የተነሣው ነገሩ ያለ ልጓም ሊቀር እንደማይገባ አስተውሎ ነው። የፈረንጁ ሜትርና የአባቶች ሎቲ የአንድ ምኞት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የሌላውን ፍጥረት ሞት ለራስ ስም ማስጠሪያ ያደርጋሉ።

ለፈቃድ አደን የሚከራከሩ ሰዎች ግን የሚናቅ ነገር አይናገሩም። አዳኙ የሚከፍለው ገንዘብ ለጠባቂ ደመወዝና ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም ይውላል ይላሉ። እንደ ሙኔሳና እንደ ኦዶቡሉ ባሉ የአደን ቀበሌዎች ደኑ ሳይመነጠር የቆየው አዳኝ ስላለ ነው ይላሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በባሌ ተራሮች ፓርክ ብዙ የደጋ አጋዘን የተገደለው በፈረንጅ አዳኝ ሳይሆን፥ ፓርኩ ጥቅሜን ነጠቀኝ ብሎ በተቈጣ ሕዝብ እንደ ሆነም ያስታውሳሉ። ይህ ሁሉ ሊካድ አይገባም። ለእንስሳው የሚበልጠው ጠላት እርሻና ግጦሽ፥ የደን መመንጠርም እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የምንገድለው ዘሩን የተካ ያረጀ ወንድ ብቻ ነው ሲሉም ይጨምራሉ።

ዳሩ ግን የመጨረሻው ነገራቸው ራሳቸውን ይረታቸዋል። በጠብ ቀንዱ የተሰበረ ሽማግሌ አጋዘን በዚያው ተራራ ይዞራል፤ እርሱን ሊገድል ከባሕር ማዶ የሚመጣ፥ ብዙ ዶላርም የሚከፍል ሰው ማን ነው? ያረጀውን ማስወገድ አገልግሎት ቢሆን ኖሮ ቀንደ ሰባራው በቀደመ ነበር። ሻርክ እንደ ነከሰው ማርሊን እርሱም ከውድድር ውጭ ስለ ሆነ በሰላም ይኖራል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚከፈለው ለጥበቃ አይደለም፤ ለቀንድ ነው። ጥበቃው በቀንድ ፍላጎት ላይ ከቆመ፥ የአዳኙ ፋሽን ወደ ሌላ እንስሳና ወደ ሌላ አገር በዞረ ቀን ጠባቂውም ደኑም ያለ አለኝታ ይቀራሉ። ለባላገሩም የሚሰጠው ትምህርት ክፉ ነው፤ አንተ ብትገድል ወንጀል፥ ባለጸጋው ቢገድል ልማት ነው የሚል ነውና። በ1983 ዓ.ም. የታየው ቍጣ እንዲህ ባለ ትምህርት አይበርድም።

ያለ ጠመንጃና ያለ ዶላር የተጠበቀ ነገር በኢትዮጵያ የለም እንዳይባል የቤተ ክርስቲያን ደን ምስክር ነው። በጎንደርና በጎጃም ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ባለቀበት አገር፥ ከሩቅ እንደ አረንጓዴ ደሴት የሚታየው የደብርና የገዳም ዛፍ ነው። ይህን ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ክፍያ ሳይሆን የቦታው ክብርና የካህናቱ ግዝት ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፓርኩ መቀመጫ በዲንሾ የደጋ አጋዘን ከሰው ሳይሸሽ በቅርብ ሲግጥ ይታያል። ሊያየው ለሚመጣ እንግዳ አንዱ አጋዘን ለሺህ ሰው ይበቃል፤ ለሚገድለው ግን ለአንድ ሰው፥ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ።

የዚህ ነገር መሠረቱ በመጻሕፍት ግልጥ ነው። ለአዳም የተሰጠው ግዛት የጌታን ርስት እንደሚጠብቅ መጋቢ ግዛት ነው፤ መጋቢም የጌታውን ዕቃ ሰብሮ በስባሪው ርዝመት አይመካም። መዝሙረኛውም ከፍ ያሉትን ተራሮች የአራዊት መኖሪያ አድርጎ ያመሰግናል እንጂ የአዳኝ ሜዳ አላደረጋቸውም። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕል ሲታዩ በዙሪያቸው ያሉት 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ቆመው ይታያሉ፤ አንዱም ቆዳው ተገፎ በእግራቸው ሥር አልተነጠፈም። ምእመናን ይህን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ይሳለማሉ። ወደ ቤቱ ተመልሶ በሳሎኑ የተሰቀለ ቀንድ እያሳየ የሚኮራ ክርስቲያን ግን የተሳለመው ምን እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

በካዛንቺስ አጠገብ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። የድርጅቱ አባል መንግሥታት በ1961 ዓ.ም. መስከረም በአልጄርስ ተሰብስበው አፈርን፥ ውኃን፥ ዕፀዋትንና እንስሳትን ለመጠበቅ ቃል ኪዳን ገቡ። ይህ ቃል ከቤተ መንግሥትና ከአዳራሽ ወደ ሰው ኅሊና ካልወረደ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ኅሊና የሚያወርደው ደግሞ የካህናት ሥራ ነው። የንስሐ አባት ስለ ስካርና ስለ ሐሰት ምስክር እንደሚመክር ሁሉ፥ ለመኵራራት ስለሚፈስ ደምም ይምከር። የተማረው የከተማ ሰው ቀንድና ቆዳ ለቤቱ ጌጥ ከመግዛት ይራቅ፤ በሆቴልም ሆነ በጉዞ ሥራ የሚኖረው እንግዳውን ወደ ዲንሾ በዓይኑ እንዲያይ ይምራው። መንግሥትም የጠባቂውን ደመወዝ ከቀንድ ገበያ ነጥሎ ያቁም፤ ለባላገሩም ከሕያው አጋዘን የሚገኘውን ጥቅም ያድርስለት።

በቂርቆስ ደጅ አሥር ሳንቲም የተቀበለው ድኃ ቀንዱ ስንት ኢንች እንደ ሆነ ሳይጠይቅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ መረቀ። ሳንቲሙ ከገበያ ቢጠፋ ሌላ ገንዘብ ይተካዋል። ተራራው ላይ ያለው ቢጠፋ ግን የሚተካው የለም፤ የኋላ ልጆችም አጋዘኑን የሚያውቁት ከአሮጌ ሳንቲምና ከባዕድ ግድግዳ ብቻ ይሆናል።