ቀይዋ መስመርና ትርጉሟ

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣ። የፈተና ውጤት ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን በሩን ከዘጋ በኋላ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ከኪሱ አውጥቶ፣ «መምህር፣ አንድ መስመር ብቻ ነው የታየው። ነፃ ነኝ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የያዘው በአፍ ፈሳሽ የሚሠራ የኤች.አይ.ቪ. ራስን በራስ መመርመሪያ ነበር። ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ፊዚክስ መምህር የመጣው ስለ ልኬት ስሕተት ሳስተምር ስለ ሰማኝ ነው። ያሠጋው አጋጣሚ መቼ እንደ ነበረ ብጠይቀው፣ «የዛሬ ሁለት ሳምንት» አለኝ።

አስቀድሜ አቋሜን ልግለጽ። እኔ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ብዙዎቻችን ከምርመራው ይልቅ በምርመራ ጣቢያው ደጃፍ መታየትን እንፈራ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ዳሩ ግን ማወቁ እግራችንን አላንቀሳቀሰውም። ስለዚህ ሰው በገዛ ክፍሉ ራሱን መመርመር መቻሉን እደግፋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሠራር እንደ ተጨማሪ አማራጭ መክሯል። ጥያቄዬ የሚታየውን መስመር ማንበብ ተምረናል ወይ የሚል ነው።

ቀይዋ መስመር የወርቅ ሥራ ናት። በመመርመሪያው ውስጥ ዲያሜትራቸው በናኖሜትር የሚለካ የወርቅ ቅንጣቶች አሉ። ወርቅ እንዲህ ሲደቅቅ ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃን ጋር አብረው ስለሚወዛወዙ አረንጓዴውን የብርሃን ክፍል ይውጣል፤ ለዓይናችንም ቀይ ሆኖ ይታያል። ፈሳሹ ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ ሁሉ በወረቀቱ ውስጥ እየተሳበ ቅንጣቶቹን ይዞ ይጓዛል። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራቸው አንቲቦዲ የተባሉ ፕሮቲኖች ካሉ፣ ወርቁ በእነርሱ አማካይነት በመመርመሪያው መስመር ላይ ተይዞ ይቀራል። ሌላዋ መስመር የምትናገረው ፈሳሹ በሚገባ መጓዙንና መሣሪያው መሥራቱን ብቻ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው ቫይረሱን ራሱን አያይም፤ የሚያየው የሰውነትን ምላሽ ነው። ምላሹም ጊዜ ይፈልጋል። የአፍ ፈሳሽ መመርመሪያ መመሪያ ካሠጋው አጋጣሚ በኋላ 3 ወር መጠበቅን የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። የተማሪው አንዲት መስመር «ነፃ ነህ» አላለችም፤ «ገና አላውቅም» ማለቷ ነበር።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በሐምሌ ወር 2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የተፈቀደው የአፍ ፈሳሽ መመርመሪያ በተጠቃሚዎች እጅ ሲፈተን፣ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ከ12 አንዱን አላገኘም፤ ከሌለባቸው ደግሞ ከ5,000 አንዱን ብቻ በስሕተት «አለበት» ብሏል። ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው። አሁን «99 ከመቶ ትክክል» የሚባል ሌላ መመርመሪያ፣ ለማንኛውም በሽታ የተሠራ፣ በሐሳባችን እንውሰድ። በሽታው ከ10,000 ሰዎች 10 ብቻ ቢኖርበት፣ መመርመሪያው ዐሥሩንም ሊያገኝ ይችላል፤ ከቀሩት 9,990 ጤነኞች ግን ወደ 100 የሚጠጉትን በስሕተት ያስደነግጣል። ቀይ መስመር ካዩት 110 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 10 ብቻ ናቸው። በሽታው ከ10,000 ሰዎች በ1,000 ላይ ቢገኝ ግን ያው መሣሪያ ለ990 ሕሙማን እውነቱን ሲናገር የሚዋሸው ለ90 ጤነኞች ብቻ ነው። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚለካው ሕዝብ ነው።

ከዚህ በመነሣት «እንግዲያስ ለወጣቶች አይሰጥ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ቴርሞሜትርም ይሳሳታል፤ ከቤታችን ግን አናስወጣውም። የሚያስፈልገው እያንዳንዱ መመርመሪያ ከትርጉሙ ጋር መሰጠቱ ነው። በራስ ምርመራ የታየ «አለ» የሚል ውጤት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ በጤና ተቋም በተከታታይ ምርመራዎች መረጋገጥ አለበት። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰውም «ድኜ ይሆን?» ብሎ በዚህ መሣሪያ ራሱን ሊመረምር አይገባም፤ የሐሰት «የለም» ሊያነብ ይችላልና። እኛ መምህራንም የዕድልን ሒሳብ በሳንቲምና በዳይስ ብቻ ከማስተማር በዚህ ምሳሌ ብናስተምር ተማሪው ከክፍል ሲወጣ የሚጠቅመው ነገር ይዞ ይወጣል።

ለተማሪው ይህን ሁሉ አስረዳሁት። አንድ ነገር ግን እስካሁን ያስቆጨኛል። ያሠጋው አጋጣሚ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ቢሄድ ኖሮ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚከላከል መድኃኒት ሊያገኝ ይችል ነበር። እርሱ ግን ያን ጊዜ ያሳለፈው መመርመሪያ ሲያፈላልግ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ከ3 ወር በኋላም ተመልሶ እንዲመረመር ቀጠሮ ተሰጠው። ውጤቱን አልጠየቅሁትም፤ የእርሱ ነውና። እናንተ ግን መመርመሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ። ሦስት ቀን ካልሞላው ቅድሚያ የሚሰጠው ወደ ጤና ተቋም መሄዱ ነው።