ቆርቆሮ የሌለው ዝናብ

እናቴ ድራማ የምታየው በጆሮዋ ነው። ግላኮማ የዓይኗን ብርሃን ቀስ በቀስ ከወሰደባት ወዲህ ከቴሌቪዥኑ የሚታያት የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኘው ቤቷ ማታ ስንሰበሰብ የሶፋውን ጥግ ለማንም አትለቅም። ማን እንደገባ በእርምጃው፣ ማን እንደተቆጣ በበሩ አዘጋግ ትለያለች። ያልገባትን ደግሞ የስድስት ዓመቷን ልጄን ትጠይቃለች።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት በምናየው ድራማ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። አንዲት ሴት ለዓመታት የደበቀችውን ምስጢር ለእህቷ በሹክሹክታ ትነግራታለች።

"የት ሆነው ነው የሚያወሩት?" አለች እናቴ።

"ቤት ውስጥ ናቸው፣ እማማ። ትንሽ ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ" አለች ልጄ።

"ታዲያ ቆርቆሮው ምነው ዝም አለ?"

ሳቅን። ከዚያ ግን ጆሮዬን ሰጥቼ ሳዳምጥ እውነቷን ነው። ዝናቡ የሚወርደው ቅጠል ላይ ነው። የአዲስ አበባን ክረምት በቆርቆሮ ቤት ያሳለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዶፉ ሲጀምር ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም። ሰው ወይ ይጮሃል፣ ወይ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ድምፁን ያስገባው ባለሙያ ቆርቆሮውን አስታውሶ ቢሆን ኖሮ ትዕይንቱ ራሱ በተለወጠ ነበር። ሴትየዋ ያን ሁሉ ዓመት የደበቀችውን ነገር ጮክ ብላ፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ ደጋግማ ለመናገር ትገደድ ነበር። ከዚህ የበለጠ ድራማ ከየት ይመጣል?

በድራማ ውስጥ የምንሰማው ድምፅ በሦስት ይከፈላል፤ ንግግር፣ የድምፅ ኢፌክትና ሙዚቃ። በቀረጻ ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለንግግሩ ነው። እርምጃው፣ የሲኒው ኳኳታ፣ የልብሱ ኮሽታ ብዙ ጊዜ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተሠርቶ የሚገባ ነው። ይህ ሙያ በዓለም ዙሪያ "ፎሊ" ተብሎ የሚጠራው በጃክ ፎሊ ስም ነው። ሰውየው ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረበት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ ነበር። የሙያው ሰዎች ለፈረስ ኮቴ የኮኮናት ቅርፊት ያጋጫሉ፤ አጥንት ሲሰበር ለማሰማት የሴለሪ ግንድ ይሰብራሉ፤ በበረዶ ላይ ለሚራመድ ሰው በከረጢት የተሞላ የበቆሎ ስታርች ይጨምቃሉ። እናቴን የመሰለ አድማጭ እንዳይታዘባቸው ይጠነቀቃሉ ማለት ነው።

ይህ ክፍፍል ምን እንደሚመስል በየቤታችን የሰማነው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ነው። አማርኛ የሚናገሩ የቱርክ ድራማዎች ሳሎናችንን ሞሉት። ድራማ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ የሚቀየረው ንግግሩ ነው። ሙዚቃውና ኢፌክቱ ለብቻው ተለይቶ ስለሚቀመጥ በአብዛኛው እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ ተዋናዩ በእኛ ቋንቋ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅሰው ቫዮሊን የቱርክ ነው፤ የሚዘጋው በርም የኢስታንቡል ነው። እናቴ ያኔ ዓይኗ ደህና ነበር። "ሲናገሩ የእኛ ናቸው፣ ዝም ሲሉ ግን የሰው አገር ሰዎች ይሆናሉ" ትል ነበር።

ከሦስቱ ሁሉ ጉልበተኛው ሙዚቃ ነው። ኢፌክት የት እንዳለን ይነግረናል፤ ሙዚቃ ግን ምን ሊሰማን እንደሚገባ ያዘናል። እስቲ ዛሬ ማታ እናንተም ሞክሩት። ልጆቻችሁን የሚያስፈራ ትዕይንት ሲመጣ ድምፁን አጥፉት። ልጄ ትራስ ሥር ትደበቅበት የነበረውን አንድ ትዕይንት በዩቲዩብ ከፍቼ ያለ ድምፅ አሳየኋት። "እንዴ! ሰውየው እኮ ዝም ብሎ እየሄደ ነው!" ብላ ሳቀች። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውን "ሳይኮ" የተሰኘ ፊልም ያዘጋጀው አልፍሬድ ሂችኮክ፣ ታዋቂውን የመታጠቢያ ቤት ግድያ ያለ ሙዚቃ ሊያስቀረው አስቦ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን የሚጮሁ ቫዮሊኖችን ጽፎ አሰማው፤ ዳይሬክተሩም ሐሳቡን ቀየረ። ዛሬ ያን ፊልም ያየ ሰው ከቢላዋው ቀድሞ ትዝ የሚለው የቫዮሊኑ ጩኸት ነው።

እኛስ? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉ ቅኝቶች አሉን። አንድ መሰንቆ በትዝታ ቅኝት ጥቂት ሲገዘገዝ ናፍቆት መኖሩን ማንም ሳይነግረን እንረዳለን። የውጭ ሰዎችም ይህ ገብቷቸዋል። አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው "ብሮክን ፍላወርስ" ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ የዋናው ገጸ ባሕርይ የመንገድ ጓደኛ አድርጎታል። እኛ ዘንድ ግን ለሐዘን ትዕይንት ከኢንተርኔት የወረደ ፒያኖ መስማት ተለምዷል።

ወቀሳው ከራሴ ይጀምር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ስለ ልጇ ትምህርት የምትናገርበት ማስታወቂያ አሠርተን ነበር። ንግግሩ ደካማ ሆነ፤ እንደገና ለመቅረጽ ደግሞ ጊዜም በጀትም አልነበረንም። "የሚያሳዝን ፒያኖ አስገቡበትና ይለፍ" ያልኩት እኔ ነኝ። ማስታወቂያው ተወደደ። እኔ ግን ፒያኖው የገባው ችኮላችንን ሊሸፍን እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ድራማ ሳይ ያንኑ ፒያኖ በየቦታው እሰማዋለሁ። የተዋናይዋ ፊት ገና ሳይለወጥ ሙዚቃው ቀድሞ ያለቅሳል። ከዚያ ድምፁ እየጨመረ ሄዶ የምትናገረውን ይውጠዋል።

ይህ ለብዙዎቻችን የምርጫ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ንግግሩ ሲዋጥብን የከንፈሩን እንቅስቃሴና ፊቱን አይተን ክፍተቱን እንሞላዋለን። እናቴ ግን የምትሞላበት የላትም። እሷ በሬዲዮ ድራማ ያደገች ናት፤ በዚያ ላይ የሚሠሩት ደግሞ አድማጩ ከጆሮው በቀር ምንም እንደሌለው አይረሱም። በቅርቡ ድራማው ሳያልቅ "ደከመኝ" እያለች መተኛት ጀምራ ነበር። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ምክንያቱን የነገረችኝ ልጄ ናት።

"እማማ ሙዚቃው ሲመጣ የሚሉት አይሰማትም። ሁልጊዜ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍረኛል አለችኝ።"

በዚያ ሁሉ ምሽት አጠገባችን ተቀምጣ ብቻዋን እንደነበረች የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማስተካከያ ከፍቼ አየሁ። ብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች የሰው ንግግር ጎልቶ እንዲሰማ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ የእኛም ነበረው፤ ለዓመታት ነክተነው አናውቅም። ወፍራሙን ድምፅ ቀነስነው፣ ስፒከሩን ወደ እናቴ አስጠጋነው። ልጄ ደግሞ በይፋ ተራኪ ሆና ተሾመች። "ፈገግ አለች፣ ግን የውሸቷን ነው" ትላታለች። እናቴ ተመልሳ እስከ መጨረሻው መቀመጥ ጀምራለች። ቤታችሁ ውስጥ ዓይናቸው ወይም ጆሮአቸው የደከመ ወላጆች ካሉ "ደከመኝ" ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ፤ አንድ ጊዜ አጠገባቸው ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድራማውን አዳምጡ።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ሦስታችንም ወደ እንጦጦ ወጣን። ጨዋታው ዓይን ጨፍኖ ድምፅ መልቀም ነበር። ልጄ መጀመሪያ የፈረስ ኮቴ አገኘች፤ እውነተኛውን፣ ያለ ኮኮናት። ከዚያ ቁልቁለቱን በሩጫ የሚወርዱ ሰዎች ትንፋሽና የጫማቸው ድምፅ መጣ። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይሰማል። እናቴ በባሕር ዛፉ ውስጥ የሚያልፈውን ነፋስ ሰምታ "ቅጠሉ ደርቋል" አለች።

ቀጥሎ ቀስ ያለ እርምጃና መሬት የሚጠርግ የቅርንጫፍ ድምፅ በአጠገባችን አለፈ።

"እንጨት የተሸከመች ሴት ናት" አለች እናቴ። "ሸክሙ ከብዷታል። በአንድ እግሯ ነው የምትረግጠው።"

ዓይኔን ስገልጥ አንዲት እናት ጀርባዋ ላይ ከቁመቷ የሚረዝም የእንጨት እስር አዝላ፣ በግራ እግሯ እያነከሰች ትወርዳለች። ልጄ የእናቴን እጅ ይዛ ዝም አለች። ፒያኖ አልነበረም።

የድራማ ባለሙያዎቻችንን አንድ ነገር ልለምን፤ ክፍሉ ከመተላለፉ በፊት ማየት ለማይችል ለአንድ ሰው አሰሙት። ሰውየው የት እንዳለና ምን እንደተባለ ከነገራችሁ ሥራችሁ ደርሷል። የምታሰሙት ሰው ካጣችሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጎራ በሉ፤ እናቴ ቡና አፍልታ ትጠብቃችኋለች። ቆርቆሮውን እንዳትረሱ ብቻ።