ኬላና ካዝና

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የምጣኔ ሀብት ትምህርት የተማረ፣ በቁጥር የሚያምን፣ ስኒውን ሳይጨርስ የቡናውን ሒሳብ በልቡ ደምሮ የሚጠብቅ ሰው ነው። ባለፈው ሰሞን ስለ አገር ገቢ ስንጫወት እንዲህ አለኝ፦ «መንግሥት ገንዘብ ካነሰው መንገዱን ያስከፍል። በአዳማ የለመድነውን ነገር በጅማ፣ በጎጃምና በደሴ መንገድ የማንለምድበት ምክንያት የለም። የሄደ ይክፈል፤ ያልሄደ አይክፈል። ከዚህ የበለጠ ምን ፍትሕ ትፈልጋለህ?»

በሰዓቱ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን የምጽፈው ለእርሱ ነው፤ አንባቢ ግን መሐል ገብቶ ይፍረደን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልመን። የፍጥነት መንገድ ጠላት አይደለሁም። በ2002 ዓ.ም ተጀምሮ በመስከረም 2007 ዓ.ም ለተሽከርካሪ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ፈጀ ተነግሮናል፤ የገንዘቡም ትልቁ ክፍል ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ብድር ይከፈላል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርዱን ተቀብሎ አዳማ ላይ ሒሳቡን የሚከፍል ሰው በምላሹ የሚያገኘው አለ፤ ጊዜውን ያተርፋል፣ ከጋሪና ከአህያ ጋር አይጋፋም። ክፍያውን ያልወደደ ደግሞ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው ነባሩ መንገድ አለለት። ይህ ሽያጭ ነው፤ ገዥም ሻጭም ፈቅደው የተገናኙበት።

የወዳጄ ሐሳብ ግን ሽያጭ አይደለም። እርሱ የሚለው ትናንት በአባቶቻችን ግብር በተሠራ መንገድ ላይ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይጨመርበት፣ በር ይተከል ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ በአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወርድ ሰው ሌላ ቅርብ መንገድ የት አለው? «ካልፈለግህ አትሂድ» ቢባል እናቱ የታመመችበት ሰው ምን ይመርጣል? ምርጫ የሌለበት ዋጋ ዋጋ አይባልም፤ ግብር ነው። ግብር ከሆነ ደግሞ በስሙ ይጠራና እንደ ማንኛውም ግብር ሸክሙ መጨረሻ ላይ በማን ጫንቃ እንደሚያርፍ ይመዘን።

ይህን በዓይኔ ያየሁበት አንድ ቀን አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ገና ሳይከፈት፣ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ከመቂ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ሞጆ ስንደርስ ወደ ፍጥነት መንገዱ ይገባሉ ስል መሪውን ወደ ነባሩ መንገድ አዞሩት።

«ጋሼ፣ ምነው? በዚያ አይፈጥንም ነበር?»

«ይፈጥናል እንጂ ልጄ። የባለቤቱ ሒሳብ ግን የተቆረጠ ነው። እዚያ በር ላይ የምከፍለው ከምሳዬ የሚነሣ ነው።»

ቢሾፍቱን አልፈን ዱከም ስንገባ የተማሪዎች መውጫ ሰዓት ነበር። ባጃጁ በግራ፣ ጋሪው በቀኝ፤ ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት እየተሯሯጡ በመሐል። ሾፌሩ ፍሬኑን ሲረግጡት ከኋላችን የሽንኩርቱ ጆንያ ካቢናውን ገጨው። አንዲት ትንሽ ልጅ ደብተሯን እንዳቀፈች ከመኪናው ፊት ቆማ ቀረች። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን እስከ ቃሊቲ ድረስ ቃል አልወጣኝም።

አሜሪካውያን መሐንዲሶች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባካሄዱት ሰፊ ሙከራ የደረሱበት ነገር አለ። አንድ አክስል የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ ከባዱን መኪና ከጠንካራው መንገድ አሽሽቶ ወደ ደካማው፣ ያውም ሰው ወደሚበዛበት የሚገፋ ክፍያ ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? ዕዳ ለመክፈል የተተመነ ክፍያ ቢያንስ ልክ አለው። ካዝና ለመሙላት የተተመነ ግን ልክ የለውም፤ ካዝና ሞላሁ ብሎ አያውቅምና። ክፍያው ከፍ ባለ ቁጥር የሚሸሸው ይበዛል። የማይሸሸው ደግሞ የከፈለውን በሽንኩርቱ ላይ ይጨምረዋል፤ መንገዱን ረግጣው የማታውቅ የመርካቶ ጉልት ቸርቻሪም ሳታውቀው ትከፍላለች። «ያልሄደ አይክፈል» ያልከኝ ወዳጄ፣ እርሷ የት ሄዳ ነው?

አሁን ስለ ስሙ ላንሣ። ወዳጄ «የክፍያ ጣቢያ» ይለዋል። አያቶቻችን ግን ኬላ ነው የሚሉት። አሞሌ ጨው ከአፋር ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም ሲጓዝ በየደረሰበት ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ገሚሱ ስለ መንገዱ ርዝመት፣ ገሚሱ ስለ ኬላው ብዛት። ነጋዴ በየግዛቱ በር ጭነቱን አራግፎ ያስቆጥራል፣ ይከፍላል፣ መልሶ ይጭናል፤ ቀጥሎም ሌላ በር ይጠብቀዋል። የኬላ ክፋቱ ገንዘብ መሰብሰቡ ብቻ አልነበረም፤ ከጊዜ ብዛት በሩ ላይ ለሚቆመው ሰው ርስት መሆኑ ነው።

ዛሬም አገር አቋራጭ ሾፌሮችን ጠይቁ። በመንገድ ላይ ገመድ ዘርግቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ስንት ቦታ እንዳገኛቸው ይቆጥሩላችኋል። ደረሰኝ የሚቆርጥም አለ አሉኝ። እንግዲህ መንግሥት ራሱ አዲስ መንገድ ሳይሠራ፣ ያደሰውም ሳይኖር፣ በነባሩ ጎዳና ላይ አግዳሚ እንጨት ቢያቆም፣ ሾፌሩ ከገመድ ያዡ በምን ይለየዋል? በደንብ ልብስ?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዌልስ ከ1839 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. ድሆች ገበሬዎች የሴት ቀሚስ እየለበሱ በሌሊት የመንገድ ክፍያ በሮችን ሰባብረዋል። መሪያቸውን «ርብቃ» ብለው ይጠሯት ነበር፤ በኦሪት ዘፍጥረት ርብቃ ስትመረቅ ዘሯ የጠላቶቹን በር እንዲወርስ ተመርቃለችና። ለማሳቸው ኖራ ጭኖ ለመመለስ በየበሩ መክፈል ነበር ያስመረራቸው። መንግሥት በ1844 ሕጉን አሻሽሎ የኖራውን ክፍያ ቀነሰ። (ወንበዴ ናቸው ብሎ ያሰራቸው ራሱ መንግሥት እንደ ነበር አይዘንጋ።)

ለወዳጄ ፍትሕ ላድርግለት፤ አንድ ጠንካራ ክርክር አለው። ከ1989 ዓ.ም ወዲህ ለመንገድ ጥገና የሚውለው ገንዘብ በመንገድ ፈንድ በኩል በዋናነት ከነዳጅ ላይ ይሰበሰባል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና አስፋልቱን እንደ ሌላው ይረግጣል፤ ሊትር ግን አይቀዳም። ስለዚህ የፈንዱ ምንጭ ቀስ በቀስ ይደርቃል። እውነት ነው፤ አላመልጠውም።

ግን አስተውሉ። ከነዳጁ መዋጮ ያመለጠው የኤሌክትሪክ መኪና በአብዛኛው የሚውለው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በቦሌና በመገናኛ ነው። አባይ በረሃ አፋፍ ላይ የቆመ በር እርሱን አያገኘውም። የሚያገኘው ናፍጣ ሲቀዳ አንድ ጊዜ የከፈለውን የጭነት መኪና ነው፤ ሁለተኛ ያስከፍለዋል። ያመለጠውን መያዝ ከተፈለገ ቦሎ በየዓመቱ ይታደስ የለም? መኪናው ለምርመራ ሲቀርብ ክብደቱና የሄደው ኪሎ ሜትር ይታይና በዚያ ልክ ይክፈል። በር አያስፈልገውም፤ ሰልፍ፣ ዘበኛም አያሻውም። ቆጣሪው ይጭበረበራል ይለኛል። ይጭበረበራል። ኬላስ?

የአዳማውን ዓይነት ክፍያ ግን ከእነ ድንበሩ እቀበላለሁ። ገንዘቡ ለዚያው መንገድ ዕዳና ጥገና፣ ከፊሉም የሸሸው ጭነት ለሚያደቀው ለነባሩ መንገድ ይዋል እንጂ ወደ ጠቅላላው ካዝና አይፍሰስ። ቱሉ ዲምቱ ላይም ሾፌር በመስኮቱ ሊያነብበው የሚችል ትልቅ ሰሌዳ ይቁም፦ የተበደርነው ይህን ያህል፣ የከፈልነው ይህን ያህል፣ የቀረን ይህን ያህል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይታደስ። የቀረው ዜሮ ሲሆን ክፍያው ወደ ጥገናው ልክ ይውረድ።

ወዳጄ ይህን አንብቦ አሁንም ካልተስማማ አንድ ግብዣ አለኝ። መቂ ሄደን አንድ የሽንኩርት አይሱዙ እንለምንና ሦስታችን ጋቢና እንቀመጥ፤ ዱከም የምንደርሰው ተማሪ ሲወጣ ይሁን። የዚያን ቀን ምሳውንም ቡናውንም የምከፍለው እኔ ነኝ፤ የሾፌሩንም ጭምር።