ግድግዳውን ከመግፋታችን በፊት



ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ገና የመጀመሪያውን ቡና ፉት ሳልል ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው የሚኖሩ የቀድሞ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ አርባ ዓመት ካለፈኝም በኋላ «አንተ ልጅ» ማለቱን አልተዉልኝም።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ኮምፒውተር አሾፈብኝ። ቦታ የለም፣ ሞልቷል ይለኛል። አጠገቡ ያለው ክፍል ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ሒሳቡ አልገባኝም።»

«የሞላው የትኛው ነው ጋሼ? ሲ ነው ዲ?»

«ሲ ነው። ትናንት አንድ ጎረምሳ መጥቶ አይቶልኝ ነበር። ‹ዲን ያጥፉትና ሲን ያስፉት፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው› ብሎኝ ሄደ። አሁን ልጫነው ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

«እጅዎ ይባረክ! ምንም ነገር እንዳይነኩ፤ መጣሁ» ብዬ ካፖርቴን አነሳሁ።

ይህን ጉዳይ ለዚህ ሳምንት ወጋችን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ ካቆመ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ብዙዎቻችን ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ስንነሳ «ቦታ የለም» የሚል መልስ እየገጠመን ነው። የጋሼም ችግር ይኸው ነበር። ኮምፒውተሩ በቂ ነው፣ ዲስኩም በቂ ነው፤ የጠበበው ክፍሉ ነው።

ለመሆኑ አንዱን ሃርድ ዲስክ ሲ እና ዲ ብሎ መክፈል ከየት መጣ? ሀ እና ለ፣ ማለትም ኤ እና ቢ፣ ጥንት የፍሎፒ ዲስክ መክተቻዎች መጠሪያ ስለነበሩ ሃርድ ዲስኩ ሲ ተባለ። ቀጥሎም በ1995 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ 95 ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ወጥ ክፍል ማደራጀት አይችልም ነበርና፣ ትልቅ ዲስክ የገዛ ሰው ከመከፋፈል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ይህ ገደብ ፋት 32 የሚባለው አደረጃጀት በ1996 ሲመጣ ተነሳ። ልማዱ ግን ቀረ። ዛሬም ኮምፒውተር የሚያዘጋጁልን ልጆች «ዊንዶውሱ ሲ ላይ፣ የእርስዎ ዕቃ ዲ ላይ» ብለው ከፍለው ያስረክቡናል። ያን ቀን ለሲ የበቃው ቦታ ከአምስት ዓመት በኋላ አይበቃም፤ ዊንዶውስ እንደሆነ በየጊዜው መወፈር እንጂ መክሳት አያውቅም።

ጋሼ ቤት ስደርስ ኮምፒውተሩ በርቶ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ተሰቅሎ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ጠበቁኝ። «መጀመሪያ ይኼን መልስልኝ» አሉኝ። «ካርቶኑ ላይ 500 ጊጋባይት ይላል። እዚህ ሲ 100፣ ዲ 365 ነው። ሠላሳ አምስቱን ማን በላው?»

ማንም አልበላውም። አምራቹ አንድን ጊጋባይት 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ የአምራቹ 500 በዊንዶውስ ቁና ሲሰፈር ወደ 465 ይወርዳል። ጋሼ በእርሳሳቸው አካፍለው አረጋገጡና «እሺ፣ ስርቆት አይደለም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ሲን ፈተሽን። ከአንድ መቶው የቀረው 3 ጊጋባይት ብቻ ነበር። የወረዱ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን «ዳውንሎድስ»፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንና ጊዜያዊ ፋይሎችን አጸዳን፤ 9 ጊጋባይት ተገኘ። አንባቢዬ ሆይ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ የሚተነፍስ ከሆነ እዚያው ላይ ያቁሙ። ፓርቲሽን መነካካት የመጨረሻው መፍትሔ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የጋሼ ግን የማያዛልቅ ስለሆነ ወደ ዋናው ሥራ ገባን።

በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የዊንዶውስን ምልክትና ኤክስን አንድ ላይ ተጭነን «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ከፈትን። እዚያ ዲስኩ እንደ ረጅም ሪባን ተዘርግቶ ይታያል። ጋሼ አየት አደረጉና «ታዲያ ዲ ባዶ ቦታ ካለው ለምን ሳናጠፋው መቶውን ቆርጠን ለሲ አንሰጥም?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነው። መልሱን በሳቸው ቋንቋ ሰጠኋቸው፤ በቁጥር መስመር።

መስመሩ ከ0 እስከ 465 ነው እንበል። ሲ ከ0 እስከ 100 ያለውን ይዟል፤ ዲ ከ100 እስከ 465። ዊንዶውስ ዲን «ሽሪንክ» አድርግ፣ አሳጥር ሲሉት የሚቆርጠው ከጭራው ነው። ስለዚህ ነጻ የሚወጣው ከ365 እስከ 465 ያለው ይሆናል። ሲ ደግሞ መስፋት የሚችለው ከ100 ጀምሮ፣ በራሱ ቀኝ እጅ ተጣብቆ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነው። መሐል ላይ ዲ ተጋድሟል። ሰው «ቦታ አውጥቼለት ‹ኤክስቴንድ ቮልዩም› የሚለው ደብዝዞ አልጫን አለኝ» እያለ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው።

«ገባኝ» አሉ ጋሼ። «ጎረቤትህ በጓሮው በኩል መሬት ቢለቅ ለአንተ ሳሎን አይጠቅምም።»

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው እንደ ጂፓርቴድ ባለ ነጻ መሣሪያ ዲን እንዳለ ወደ ቀኝ ማንሸራተት። ይቻላል፤ ግን በውስጡ ያለው ሁሉ ከቦታው ተነስቶ ስለሚጓዝ ሰዓታት ይወስዳል፣ በመሐል መብራት ቢጠፋ ዕቃው መንገድ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችሁ ይህን እንሞክር ቢሏችሁ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር እንዳይጀምሩት ንገሯቸው። ሁለተኛው፣ የዲን ዕቃ ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ዲን አጥፍቶ፣ ሲን አስፍቶ፣ በቀረው ላይ አነስ ያለ አዲስ ዲ ሠርቶ ዕቃውን መመለስ ነው። ጎረምሳው ለጋሼ የነገራቸው ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ዘሎት ነው። ያ ቃል «ገልብጦ» የሚለው ነው።

«እሱንማ ሠርቼዋለሁ» አሉኝ ጋሼ በኩራት። ከመሳቢያቸው አንድ አሮጌ የውጭ ዲስክ አወጡ። «ሌሊቱን ሁሉ ሲገለብጥ አደረ። አልቋል።»

«ዲ ላይ ያለው ምንድን ነው ጋሼ?»

ጥቂት ዝም አሉ። ዲ ላይ ያለው የእናታቸው ድምፅ ነው። እናታቸው ፊደል ያልቆጠሩ ስለነበሩ ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ከደሴ በካሴት እየቀዱ በመንገደኛ እጅ ይልኩላቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ካሴት። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ በአንድ እያጫወቱ ወደ ኮምፒውተር አስገቧቸው። ካሴቶቹም አሁን ክራቸው ተበልቶ አይሰሙም። ከዚያ ሌላ የልጃቸው ሠርግ አለ፤ በ1998 አንድ ዘመድ ደሴ ሄዶ እናታቸውን ግቢያቸው ውስጥ የቀረጸበት ቪዲዮም አለ። ጋሼ እናታቸውን ከዚያ በኋላ አላዩም።

የዲን መጠን አየሁ፤ 138 ጊጋባይት። ቅጂውን አየሁ፤ 125። ደግሜ አየሁ።

«ጋሼ፣ ሲገለብጥ አንድ ነገር ጠይቆዎት ነበር?»

«አዎ፣ የሆነ ነገር አለኝ። ‹ስኪፕ› የሚለውን ተጫንኩለት፤ ቀጠለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው የውጭ ዲስክ የተደራጀው ቅድም ባነሳሁት በፋት 32 ነው። ፋት 32 ደግሞ አንድ ነጠላ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበልም። ሠርጉ 7፣ የእናታቸው ቪዲዮ 6 ጊጋባይት ነበሩ። ዲስኩ ሰፊ ባዶ ቦታ እያለው ሁለቱን «አይሆኑልኝም» አለ፤ ጋሼም «እለፈው» አሉት። ያን ጊዜ ዲን አጥፍተው ቢሆን ኖሮ፣ ያለፉት ምን እንደነበር የሚያውቁት በኋላ ነበር።

ይህን ስነግራቸው ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉ።

የውጭውን ዲስክ በኤንቲኤፍኤስ እንደገና አደራጀነው፤ ዋናው ዕቃ ገና ዲ ላይ ስላለ ይህን ማድረግ አያስፈራም ነበር። ከዚያ ግልበጣውን እንደ አዲስ ጀመርን። ሁለት ሰዓት ግድም ፈጀ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ፤ ሦስተኛውን ስንጠጣ አለቀ። መጠኑን አስተያየን፤ 138 እና 138። የፋይሎቹን ብዛትም አስተያየን፤ እኩል ነው። «በቃ?» አሉኝ። «አልበቃም፤ ይክፈቱት» አልኩ። ከውጭው ዲስክ ላይ ከካሴቶቹ መጀመሪያውን፣ አሥራ አምስተኛውንና የመጨረሻውን አጫወትን። ቪዲዮዎቹንም ከፈትን። እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ካሜራው ቀረቡና «ያየኛል?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ «ይበቃል፣ ዝጋው» አሉኝ።

የቀረው በእርግጥም የደቂቃዎች ሥራ ነበር። በዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ዲ ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነን «ዲሊት ቮልዩም» አልን፤ ቦታው «አንአሎኬትድ» ተብሎ ጥቁር መስመር ለበሰ። ሲ ላይ ተጭነን «ኤክስቴንድ ቮልዩም» አልን። መጠኑን የሚጠይቀው በሜጋባይት ስለሆነ ለ100 ጊጋባይት 102,400 ብለን ጻፍን። ሲ 200 ሆነ። በቀረው 265 ላይ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» ብለን፣ የድሮውን ዲ የሚል ፊደል መልሰን ሰጠነው፤ ፊደሉ ከተለወጠ የቆዩ አቋራጮች መንገዳቸውን ይስታሉና። ከዚያ ዕቃውን መለስን።

እናንተም ብትሞክሩት ልብ የምትሏቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። በሲና በዲ መሐል «ሪከቨሪ» የሚባል ትንሽ ክፍል ከተኛ፣ ዊንዶውስ ሲታመም የሚድንበት ነውና በደፈናው አታጥፉት፤ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ዲስካችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻውን ረጅም ቁጥር አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ዲን ስታጠፉ ቦታው በጥቁር ፋንታ በአረንጓዴ ከታየ፣ አረንጓዴውንም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሲ አይሰፋም። ዲ ላይ የተጫነ ፕሮግራም እንዳለም አስቀድማችሁ እዩ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ማስፋቱን ተዉትና ያላችሁን ገልብጣችሁ አዲስ ግዙ።

እኔም የማልኮራበት ታሪክ አለኝ። በጋዜጠኝነቴ ዘመን የጻፍኳቸውን ጽሑፎች ፋይሎቻቸውን ይዤ ወጣሁ፤ የተጻፉበትን የፓወር ግዕዝ ፊደል ግን ረሳሁት። እዚህ ስከፍታቸው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኑብኝ። ፊደላችን የዩኒኮድ ቦታውን ያገኘው በ1999 ቢሆንም በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሁሉ እስኪለወጥ ድረስ የራሱን ፊደል ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያላችሁ ፊደሉንም አብራችሁ ገልብጡ።

አንድ የተሳሳተ እምነትም አለ። «ዕቃዬ ዲ ላይ ስለሆነ አይጠፋም» የሚል። ሲና ዲ ሁለት ክፍል ናቸው፤ ጣሪያቸው ግን አንድ ነው። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ ሥራው ካለቀ በኋላም የውጭውን ቅጂ አታጥፉት።

ስወጣ ጋሼ እስከ በሩ ሸኙኝ። የውጭውን ዲስክ በፎጣ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። «ይኼ አንተ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ። «እዚህ አንድ ነገር ቢደርስ፣ አንተ ጋ ትኖራለች።»

አሁን እኔ ቤት፣ መጻሕፍቶቼ ጀርባ ተቀምጧል። የእናንተስ የት ነው?

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።